«በ300 ስካን አድርገው» ብቻውን አይበቃም

የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአቃቂ በሰቃን ሰው በፈረቃ አሠርቷል። ከእነዚያ ሠራተኞች ለልጅ ልጆቻቸው ብዙ ጊዜ የተረፈው አንድ ጉርድ ፎቶ ወይም አንድ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው፤ ኔጋቲቩም የለም። እንዲህ ያለው ፎቶ ስካን ሲደረግ በግምት መሠራት የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱን አባባሎች እነሆ።

ተረት፦ በ300 ዲፒአይ ስካን የተደረገ ለማንኛውም ኅትመት ይሆናል።

እውነታ፦ 300 ማለት ስካነሩ በእያንዳንዱ ኢንች (2.54 ሴንቲ ሜትር) ርዝመት 300 ነጥብ ያነባል ማለት ነው። ስለዚህ ውጤቱ በዋናው ፎቶ ስፋት ይወሰናል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በ300 ሲነበብ የሚሰጠው 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው። በዚያው መጠን ቢታተም ጥርት ይላል። ለለቅሶ ወይም ለሙት ዓመት የኤ4 ወረቀትን ወርድ እንዲሞላ ካሳደጉት ግን ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 43 ፒክስል ያህል ነው፤ የሟቹ ፊት ይደበዝዛል። በ1200 ቢነበብ ኖሮ 171 ይደርሰው ነበር፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ብለው ለሚያዩት ምስል ይህ ያስኬዳል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ፎቶው በስንት እጥፍ እንደሚያድግ ይወቁና 300ን በዚያ ያባዙ። ለምሳሌ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ፎቶ ወደ 20 በ30 ለማሳደግ 600 ያስፈልጋል።

ተረት፦ ለኢንተርኔት 72 ዲፒአይ በቂ ነው።

እውነታ፦ ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣው የማኪንቶሽ ኮምፒውተር ነው፤ የስክሪኑ አንድ ኢንች 72 ፒክስል ነበረው። ድረ ገጽ ግን ምስልን የሚያሳየው በፒክስሉ ብዛት ነው። የዲቪ አመልካቾች ይህን በተግባር ያውቁታል፦ መመሪያው ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል ሲጠይቅ ኖሯል፤ ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች የሆነው ፎቶም በ300 ስካን እንዲደረግ ሲያዝዝ ኖሯል። በ72 ቢያነቡት 144 በ144 ይሆንና ተቀባይነት ያጣል።

ተረት፦ ደብዛዛውን ፋይል በፎቶሾፕ ወደ 300 ከቀየሩት ይስተካከላል።

እውነታ፦ ቁጥሩን ብቻ መቀየር አንድም ፒክስል አይጨምርም። ፒክስል እንዲጨመር ካዘዙ ደግሞ ፕሮግራሙ የጎደለውን በግምት ይሞላል። የስካነሩ ሌንስ ያላየውን የዓይን ቅንድብ ማንም አይመልሰውም። ስካነር ሲገዙም በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሳይሆን መሣሪያው በሌንሱ በትክክል የሚያነበውን ይጠይቁ፤ ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የዚሁ ግምት ውጤት ነው።

ተረት፦ ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ይሻላል።

እውነታ፦ ዲፒአዩ እጥፍ ሲሆን ፋይሉ አራት እጥፍ ያድጋል። 10 በ15 የሆነ ባለ ቀለም ፎቶ ሳይጨመቅ በ300 ስድስት ሜጋ ባይት ገደማ፣ በ600 ወደ 25፣ በ1200 ወደ 100 ይደርሳል። ከፎቶ ወረቀት ላይ ከ600 በላይ የሚገኘው አዲስ ዝርዝር ግን ጥቂት ነው፤ ከዚያ ማለፍ የሚጠቅመው እንደ ጉርዱ ብዙ እጥፍ ለሚያድግ ምስል ነው። ኔጋቲቭ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ 2400ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከጋዜጣ የሚወሰድ ፎቶ ደግሞ ራሱ ከቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ ስካነሩ ላይ ነጠብጣቡን የሚያለሰልሰውን ምርጫ ካላበሩ ምስሉ ላይ የሞገድ መስመር ይወጣል።

ተረት፦ በቴሌግራም ቢላክም ያው ፎቶ ነው።

እውነታ፦ ፎቶ ተደርጎ ሲላክ ይጨመቃል፣ ይቀንሳል። ለማተሚያ ቤት ከሆነ «ፋይል» በሚለው በኩል ይላኩት ወይም በፍላሽ ይውሰዱት።

ፎቶ ቤት ሲሄዱ የሚታተምበትን መጠን በሴንቲ ሜትር አስቀድመው ይናገሩ። ዋናውን ስካን በቲፍ ያስቀምጡት፤ ለስልክና ለድረ ገጽ የሚሆነውን በጄፔግ ከእሱ ቀንሰው ያውጡ። ዋናውን ፋይል ቢያንስ ሁለት ቦታ ይያዙ፤ አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ዘንድ ቢቀመጥ ይመረጣል።