የእድሩ መዝገብ ወደ ስልክ ሲዛወር ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

እድር ሲባል ደብተር አለ፤ ደብተር ሲባል ደግሞ ጸሐፊ አለ። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በሬድስቶን ሠፈር ለሚኖር የፈረቃ ሠራተኛ ግን በስብሰባ ቀን ደብተሩ ዘንድ መድረስ ቀላል አይደለም። ታዲያ ማን እንደከፈለና ለቅሶ የት እንዳለ አባል ሁሉ ከስልኩ ላይ እንዲያይ ገጽ ይሠራልን የሚል ሐሳብ ቢነሳ አያስገርምም። ሥራው የሚጣለውም አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር በሚያውቅ የአንዱ አባል ልጅ ላይ ነው።

ልጁ ለመጀመር አይቸገርም። ኖድ የተባለውን ፕሮግራም ይጭናል። ከዚያም ኢቫን ዩ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ቪት በተሰኘ መሣሪያ፣ በአንድ ትእዛዝ ባዶ ፕሮጀክት ይከፍታል። ገጹ ወዲያው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ይታያል፤ አንድ መስመር ባረመ ቁጥርም አብሮ ይለወጣል።

ፊደላችንም እንደ ድሮው አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነፃ ፎንት ከገጹ ጋር መላክ ይበቃል። ቀኑንም ጃቫስክሪፕት ራሱ ከነጳጉሜው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያወጣዋል። (የሐበሻን ሰዓት ግን አያውቅም፤ ስድስት ሰዓቱን ሠሪው ይቀንስ።)

ጣጣው የሚመጣው ኋላ ነው። ባለሙያዎች ፍሮንት-ኤንድ የሚሉት ክፍል ተጠቃሚው ስልክ ድረስ ተልኮ እዚያው የሚሠራ ነው። ስለዚህ በውስጡ የተጻፈ ሁሉ፣ ምስጢራዊ ቁልፍ ሳይቀር፣ ፈልጎ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው። ገጹ የይለፍ ቃል ስለጠየቀ ብቻ የአባላት አድራሻ ተጠብቋል ማለት አይደለም። ጥበቃው መዝገቡ በተቀመጠበት ሰርቨር በኩል መሠራት አለበት። ተሰዶ ለመጣ ሰው የስልክ ቁጥርና የቤተሰብ ስም የዋዛ ነገር አይደለምና።

መሣሪያውም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፌስቡክ ወጥቶ ስንቱ ሥራ የጀመረበት ክሬት ሪአክት አፕ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ለአዲስ ሥራ እንዳይመረጥ ሠሪዎቹ ራሳቸው አስታውቀዋል። የትኛው ጥቅል በየትኛው እትም እንደተጫነ የሚመዘግበው ፋይል ከኮዱ ጋር ካልተቀመጠ፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ገጽ መልሶ ማስነሳት ራስ ምታት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የገጹ ስምም ሆነ ኮዱ በልጁ የግል ኢሜይል ተመዝግቦ መቅረቱ ነው። ልጁ ቶሮንቶ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ መዝገቡ አብሮት ይሄዳል። እድር ገንዘብ ያዡንና ጸሐፊውን ለያይቶ የሚመርጠው ያለ ነገር አይደለም፤ እዚህም ምዝገባው በእድሩ ስም፣ ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ መሆን ይገባዋል። ኮሚቴው ሥራውን ከመረከቡ በፊት ሁለተኛው ሰው የተጻፈውን መመሪያ ብቻ ይዞ፣ ለልጁ ሳይደውል፣ ገጹን በራሱ ኮምፒውተር ላይ አስነስቶ ያሳይ።