ቀብድ በልቶ የጠፋ ግንበኛና የባለቤቱ መብት

ሰማዩ መዳመን በሚጀምርበት በግንቦት ወር በአዲስ አበባ ከተማ እጅግ ከሚፈለጉት ሰዎች አንዱ ቤት ጠጋኝ ነው። በጋውን ሙሉ «ነገ፥ ከነገ ወዲያ» ሲባል የከረመው የዛገ ቆርቆሮ፥ ምርጊቱ የረገፈው የጭቃ ግድግዳ፥ ውኃ የሚያንጠባጥበው ኮርኒስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ ይላል። ባለቤቱ ይቸኩላል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ ብዙ አይጠይቅም። የንግድ ፈቃድ ሳይኖረው፥ አድራሻው ሳይታወቅ፥ ሜትርና እርሳስ ብቻ ይዞ በደላላ እየተመራ ለሚመጣው «ሥራ ተቋራጭ» ገበያው የሚደራለትም በዚሁ ሰሞን ነው። ጣሪያውን አየት፥ ግድግዳውን መታ መታ ያደርግና ሒሳቡን በቃሉ ይናገራል። ከዚያም «ለዕቃ መግዣ ግማሹን ቀብድ ይስጡኝና ሰኞ እንጀምራለን» ይላል። ሰኞ ይመጣል፤ ሰውየው ግን አይመጣም።

በዛሬው ገጻችን ልንነጋገርበት ያሰብነው የዚህን ሰኞ ነገር ነው። ገንዘቡ ጠፍቶ ይቀራል ወይስ ይመለሳል? የሚመለስስ ከሆነ በምን መንገድ?

በመጀመሪያ ግን፥ ፈቃድ የሌለው ሁሉ ሌባ ነው አንልም። የከተማችንን ቤቶች ከሠሩት እጆች ውስጥ ብዙዎቹ ሙያውን ከአባታቸው ወይም ከዋና ግንበኛ ሥር ሲሚንቶ እያቦኩ የተማሩ፥ ቱንቢና ውኃ ልክ የሚያውቁ፥ ወረቀት ግን የሌላቸው ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ስሙ፥ አድራሻውና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በመዝገብ ሰፍሮ ስለሚገኝ ቢጠፋ እንኳ የሚፈለግበት አለ። ያኛው ያለው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስልኩን ያጠፋ ዕለት ራሱም አብሮ ይጠፋል።

ቀብድ የሚለውን ቃል ሁላችንም በየቀኑ እንናገረዋለን፤ ሕጉ የሚሰጠውን ፍሬ ነገር ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለዚሁ ይናገራል። የቀብድ መሰጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል፥ ወይም ከሒሳቡ ላይ ይታሰባል። ውሉን ማፍረስ ቢፈለግስ? ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ማፍረስ ሲፈልግ የሰጠውን ይለቃል፤ የተቀበለው ወገን ማፍረስ ሲፈልግ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 30 ሺህ ብር የተቀበለ 60 ሺህ ይከፍላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሰው በአፉ «ቀብድ» ይበል እንጂ በወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ቅድመ ክፍያ» ወይም «ለዕቃ መግዣ» የሚል ነው። ቅድመ ክፍያ የዋጋው አንድ ክፍል በመሆኑ ሥራው ሳይሠራ ሲቀር ይመለሳል እንጂ እጥፍ የሚያስከፍል አይደለም። ስለዚህ አንዲት ቃል በወረቀት ላይ መኖርዋና አለመኖርዋ የብዙ ሺህ ብር ልዩነት ታመጣለች። ደግሞም ሥራውን ጀምሮ መካከል ላይ የጠፋው ሰው «እኔ ውል አላፈረስሁም፤ ዘገየሁ እንጂ» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። እጥፉን አገኛለሁ ብሎ ተስፋውን ሁሉ በዚያ ላይ ከመጣል ዋናውን ገንዘብ አጥብቆ መያዝ ይሻላል እንላለን።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። በጉለሌ በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። በጡረታቸውና ከግቢያቸው በሚያከራዩዋቸው ሁለት ክፍሎች ኪራይ ይተዳደራሉ። የዋናው ቤት ጣሪያ እንዲቀየር በ110 ሺህ ብር ተነጋገሩና 60 ሺውን ሰጡ። ግንበኛው «እትዬ፥ አይስጉ፤ ከዝናቡ በፊት ገብተው ይተኛሉ» አላቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ፥ አንተን አምኜ ነው» ብለው ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ «60 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብያለሁ» የሚል ጽሑፍ አስፈረሙት። ሰውየው ሃያ ቆርቆሮና ጥቂት ወራጅ አምጥቶ፥ ሦስት የቀን ሠራተኞች አሰማርቶ በሁለት ቀን የአሮጌውን ጣሪያ እኩሌታ ገለጠው። በሦስተኛው ቀን ቀረ። ስልኩም ዝም አለ። የመጀመሪያው ካፊያ ሲመጣ ያ ቤት በላስቲክ ተሸፍኖ ነበር።

በሳምንቱ በሩን ያንኳኳው ግንበኛው ሳይሆን ሦስቱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። እነሱም ደመወዛቸውን አልተቀበሉም፤ ባለቤትዋ ይከፍሉናል ብለው መጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆጣል፤ «ሂዱና የቀጠራችሁን ጠይቁ» ብሎ በሩን ይዘጋል። እኒህ እናት ግን ምሳ አቅርበው አስቀመጧቸውና ስማቸውንና የሚገኙበትን ሰፈር አጻፉ። ያን ገንዘብ ማን እንደ ተቀበለ፥ ስንት ቀን እንደ ተሠራ፥ ምን ዕቃ እንደ ገባ ከእነዚህ ከተበደሉት ልጆች የበለጠ የሚመሰክር ከወዴት ይገኛል?

የማስረጃ ነገር እንዲህ ነው። ሕጉ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳ ይላል፤ የሚያስረዳውም በጽሑፍ፥ በምስክር፥ በሕሊና ግምት፥ በባለጋራው እምነት ወይም በመሐላ ነው። የጥገና ሥራ የቤት ሽያጭ ስላልሆነ በመዝገብ መጻፍ ግድ አይሆንበትም። ስለዚህ «የተጻፈ ውል የለኝም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ይሳሳታል። ገንዘቡ በባንክ ወይም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ተለመደው በቴሌብር ተልኮ እንደ ሆነ የተቀባዩ ስም፥ ቀኑና ልኩ ተመዝግቦ ይገኛል። በስልክ የተላላኩት መልእክትም አይናቅ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለእንዲህ ያለው መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል። በጥሬ ገንዘብ፥ ያለ ምስክርና ያለ ፊርማ የተሰጠው ብቻ ነው አስቸጋሪው።

አንዳንዶች ደግሞ «ሰውየው ፈቃድ ስለሌለው ውላችን ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ መክሰስ አልችልም» ይላሉ። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ያለ ፈቃድ መነገድን ሲከለክል የሚያስጠይቀው ነጋዴውን ነው። ውሉ ይጸናል ቢባል ግንበኛው ባለመፈጸሙ ይጠየቃል። ውሉ ፈራሽ ነው ቢባልም የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ከመደረጉ በፊት ወደ ነበሩበት ሁኔታ ይመለሱ ይላል። በዚያም ሆነ በዚህ ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት መንገድ አለ። በፈቃድ ማጣቱ ተከሳሹ አይጠቀምም።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት አንድ የማይዘለል ደረጃ አለ፤ እሱም ማስጠንቀቂያ ነው። በቁጥር 1772 እንደ ተመለከተው ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ባለዕዳው እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለበት። «እስከዚህ ቀን ድረስ ሥራውን ጀምር፤ አለዚያ ገንዘቤን መልስ» የሚል አጭር ጽሑፍ ይበቃል። አድራሻ ያለው ሰው ቢሆን በሪኮማንዴ ደብዳቤ በተላከለት ነበር፤ አድራሻ ለሌለው በስልኩ በጽሑፍ ይላካል፥ ወይም በምስክር ፊት ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለዘገየው ገንዘብ በዓመት ከመቶ ዘጠኝ ሕጋዊ ወለድ ይታሰባል። የጊዜውም ነገር አያስፈራም፤ በውል ላይ ለተመሠረተ ክስ ሕጉ በጠቅላላው የሰጠው የይርጋ ዘመን አሥር ዓመት ነው። ሆኖም አሥር ዓመት አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ምስክሮቹን ከወዴት ሰብስቦ ያመጣቸዋል?

የብዙዎች የመጀመሪያ እርምጃ ግን ፖሊስ ጣቢያ ነው። እዚያም ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» የሚል ሲሆን ተናደው ይመለሳሉ። መልሱ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ሥራ ጀምሮ ሒሳብ የተበላሸበት ሰው ባለዕዳ ነው እንጂ ወንጀለኛ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ገና ከጥንቱ የሌላ ሰው ፈቃድ እያሳየ፥ በአንድ ሳምንት ከአምስት ቤት ቀብድ እየሰበሰበ የተሰወረ እንደ ሆነ ይህ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 692 የተመለከተው ማታለል ነው፤ በእስራትም ያስቀጣል። ስለዚህ አቤት ባዩ «ገንዘቤን በላ» ከሚል ይልቅ በምን ዓይነት ሐሰት እንዳታለለው ዘርዝሮ ቢናገር፥ ሌሎች የተታለሉ ጎረቤቶችንም ይዞ ቢቀርብ ይሰማል።

የክሱም መንገድ ቢሆን ድካም አለበት። መጥሪያ የሚደርሰው ተከሳሹ ሲገኝ ነው፤ ካልተገኘ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ እንዲጠራ ሊያዝዝ ይችላል። በጋዜጦች ላይ በደቃቅ ፊደል የሚወጡትን የመጥሪያ ማስታወቂያዎች አንባቢ ሳያያቸው ያልፋል፤ ከእያንዳንዱ በስተጀርባ ግን አንድ ደጅ የሚጠና ሰው አለ። ከተፈረደ በኋላም ገና ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ሕግ ለአፈጻጸም የማይያዙ ንብረቶችን ሲዘረዝር ባለዕዳው ለሙያው የሚገለገልባቸውን መሣሪያዎች ጨምሯል። መዶሻና ቱንቢ ብቻ ያለው ግንበኛ ቢፈረድበትም መዶሻው አይሸጥም። ሕግ አውጪው በዚህ አልተሳሳተም እንላለን፤ መሣሪያውን የተነጠቀ ሰው ዕዳውን በምን ሠርቶ ይከፍላል?

የጉለሌዋ እናትም ይህን ሁሉ ሲያሰሉ ወደ እድራቸው ዳኛ ሄዱ። ደላላው የዚያው ሰፈር ሰው ነበርና ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የያዙት እሱን ነው፤ ግንበኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያመጣውም እሱ ነው። ሰውየው «ሌላ ሥራ ይዤ ነው፤ ልሠራልዎት እችላለሁ» አለ። እሳቸው «አይ ልጄ፥ ገንዘቤን ብቻ» አሉ። የገባው ቆርቆሮና እንጨት ተገመተ፤ የሠራተኞቹ ያልተከፈለ ደመወዝ እሱ እንዲከፍል ተወሰነ፤ እጥፉን እሳቸው ተዉለት። ቀሪው በሦስት ጊዜ እንዲመለስ ተጽፎ ሁለቱም ሁለት ምስክሮችም ፈረሙበት። የሽምግልና ስምምነት በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ተራ ቃል መሆኑ ቀርቶ በቁጥር 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል፤ ብዙ ሰዎች ግን ታርቀን ተሳሳምን ብለው ሳይጽፉት ይለያያሉ።

ሁለቱ ክፍያ በቀኑ ተከፈለ። ሦስተኛው ሃያ ቀን ዘግይቶ፥ ያውም በደላላው እጅ ደረሰ። ጣሪያውን በሰኔ አጋማሽ የከደነው ሌላ ግንበኛ ነው። ለእሱ ቀብድ የሚባል ነገር አልተሰጠውም፤ የጎደለውን ቆርቆሮና ምስማር እሳቸው ራሳቸው ከመርካቶ ገዝተው አመጡ፥ የእጁን ዋጋም የሠራውን እያዩ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከፈሉት።