በርዎ ሲጮህ «ኧረ ተው» እያለዎት ነው!

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። እኔ በምኖርበት በመቀሌው ዓይናለም ግን ስንቶቻችን ነን የመኪና ማስገቢያ በራችን «ሲጥ» እያለ ሲጮህ በእግራችን ገፍተነው የምናልፍ?

የላሜራ በር ክብደቱ አብዝቶ የሚጎትተው የላይኛውን ማጠፊያ ነው። ማጠፊያው ሲበላ በሩ ያዘነብላል፤ ጫፉ መሬት ይልሳል፤ መቀርቀሪያውም ቀዳዳውን ይስታል። ያኔ በጉልበት በገፉት ቁጥር ብየዳው ይሰነጠቃል።

እስቲ ዛሬውኑ ይሞክሩት። በሩን ገርበብ አድርገው ጫፉን ወደ ላይ ብድግ ያድርጉት። ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው ተበልቷል ማለት ነው። አንድ የሰፈራችን በያጅ እንዳሳየኝ፣ ማጠፊያው ተነቃይ ከሆነ በሩን ሁለት ሰው ሆኖ አንስቶ ፒኑ ላይ ሮንዴላ መጨመር ሊበቃ ይችላል። ብየዳው ከተሰነጠቀ ግን ለባለሙያ ይተዉት።

ግራሶ ሲቀቡ በአሮጌው ላይ አይደርቡ፤ የበጋው አቧራ ከግራሶ ጋር ሲለወስ ብረት ይሞርዳል። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ ይጥረጉት። ከሐምሌና ነሐሴ ዝናብ በፊት ደግሞ የበሩን ግርጌ ይዩ፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው አንቲረስት ይቀቡ።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በር ላይ ተንጠልጥለው መወዛወዝ ይወዳሉ፤ የሚወድቅ በር ደግሞ ለሩጫ ጊዜ አይሰጥም።

ቸር ይግጠመን!