ያውቁ ኖሯል? ከጅቡቲ ወደብ እስከ ቡሬ ገበያ

ፍኖተ ሰላም ላይ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ሲወራ ዲመሬጅ የሚለው ቃል ብዙም አይነሳም። ሒሳቡ ውስጥ ግን ሊኖር ይችላል። ባሕሩ በመንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል እንጂ ወጪው አይርቅም።

ዩሪያ ከውጭ ሲመጣ በአብዛኛው በጆንያ ተሞልቶ እንደማይጫን ያውቁ ኖሯል? «ብትን ጭነት» ይባላል፤ መርከቧ ሆድ ውስጥ እንደ አሸዋ ይፈሳል። 50 ኪሎ እየተመዘነ ጆንያ ውስጥ የሚገባው ጅቡቲ ሲደርስ ነው። 50,000 ቶን የጫነች አንዲት መርከብ አንድ ሚሊዮን ጆንያ ይወጣታል። ያንን ለማንሳት 400 ኩንታል የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና 1,250 ጊዜ መጫን አለበት። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በቆሎ አምራች ዩሪያውን የሚጠብቀው የዚህ ሰልፍ ጅራት ላይ ሆኖ ነው።

ዲመሬጅስ? መርከብ የተከራየ ሰው ማራገፊያ የሚሆን የተወሰነ ጊዜ በውሉ ይሰጠዋል። ከዚያ ካሳለፈ ለባለ መርከቡ በየቀኑ ይከፍላል። ቀድሞ ከጨረሰ ደግሞ፣ ውሉ ከፈቀደ፣ ባለ መርከቡ ነው የሚመልስለት፤ ተመላሹ ዲስፓች ይባላል፣ ብዙ ጊዜም የዲመሬጁ ግማሽ ነው። ከባዱ ነገር ወዲህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ማዳበሪያ ስለማይራገፍ በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ የዝናቡ ሰዓት እንዳይቆጠር መዋዋል የተለመደ ነው። ጊዜው አልፎ ዲመሬጅ መቁጠር ከጀመረ በኋላ ግን፣ ውሉ በግልጽ ካላዳነ በስተቀር፣ ዘነበ ወይም በዓል ነው ማለት አይሠራም። ቀኑም ሌሊቱም ይቆጠራል።

የኮንቴይነሩ ዲመሬጅ ሌላ ነው። ሙሉው ኮንቴይነር ከነፃ ቀኑ በላይ ወደብ ውስጥ ከቆየ ዲመሬጅ፣ ከወደብ ወጥቶ ባዶው በጊዜው ካልተመለሰ ዲቴንሽን ይባላል። በነጋዴው አፍ ሁለቱም ዲመሬጅ ነው፤ ከኪስ ሲወጣ ልዩነታቸው ስለማይታይ አይፈረድበትም።

የኢትዮጵያ ኑግ አሜሪካ ሲገባ ሰው ሳይሆን ወፍ እንደሚበላው ያውቁ ኖሯል? አሜሪካኖች ግቢያቸው ውስጥ ሰቅለው ወፍ ይቀልቡበታል። ታዲያ ከኑጉ ጋር የአረም ዘር እንዳይገባባቸው በሙቀት የታከመ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ። የጎጃም እናት ለወጥ የምትቆላው ኑግ ለወፍም ይቆላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ምርት ለውጭ ገዢ ሲሸጥ «ኤፍኦቢ ጅቡቲ» ተብሎ ዋጋ ከወጣለት፣ ከቡሬ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ መርከቧ ላይ እስኪወጣ ያለው ወጪና ኪሳራ የሻጩ ነው። መርከቧ ላይ ከወጣ በኋላ ቢጠፋ የገዢው ነው። ሲአይኤፍ ከሆነ ሻጩ የመርከብ ኪራዩንና መድኑንም ይጨምራል። የእነዚህን ቃላት ደንብ ያወጣውና በየጊዜው የሚያድሰው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ1936 እ.ኤ.አ.፣ የአሁኑ በ2020 እ.ኤ.አ.። ስንቱ ነጋዴ ግን አሁንም እትሙን ሳይጠቅስ ይፈርማል!

ወደ አገር ለሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው በሲአይኤፍ ዋጋ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የመርከብ ኪራይ ሲወደድ ቀረጡም አብሮ ይወጣል። የቀይ ባሕር መርከቦች ላይ ጥቃት ከተጀመረበት ከኅዳር 2016 ዓ.ም. በኋላ ኪራይም መድንም ሲንር፣ ዕቃው ራሱ ሳይወደድ ቀረጡ ሊጨምር የቻለው ለዚህ ነው።

ቡሬ በበርበሬዋ ትታወቃለችና ይህች ምክር ወደ ውጭ ለሚልኩ ዘመዶች ናት። የአየር ጭነት በሚዛን ብቻ አይከፈልም፤ በስፋትም ይለካል። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ6,000 ያካፍሉት። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን 20 ኪሎ ይመጣል። ያልተፈጨ ዛላ በርበሬ ሞልተውበት ሚዛን ላይ 12 ኪሎ ብቻ ቢሆን የሚከፍሉት የ20 ነው። ስለዚህ አስፈጭተው ይላኩ፤ ዛላ የሚልክ ሰው ለአየርም ይከፍላል።

ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ሲከፈት ባንኩ የሚመረምረው ወረቀት እንጂ ዕቃ አይደለም። ጆንያው ውስጥ ድንጋይ ቢኖር እንኳ ወረቀቱ ከሞላ ይከፍላል። ዕቃው ምርጥ ሆኖ ወረቀቱ ከጎደለ ግን ክፍያው ይያዛል። ቡሬን በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት አጻጻፍ የሚጽፏት አሉ፤ ኤልሲው ላይ አንዱ፣ ደረሰኙ ላይ ሌላው ከሆነ ጥንቁቅ ባንከኛ ጥያቄ ሊያነሳበት ይችላል።

ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ማለትም የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ በተለምዶ ሦስት ኦሪጅናል ሆኖ ይወጣል። በአንዱ ዕቃው ከተነሳ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱም በእጅ ሳይገቡ ገንዘብ መልቀቅ አደጋ ነው።

በየከተማው ሱቅ የሆነ አሮጌ ኮንቴይነር አለ። ቀለም ካልሸፈነው በሩን ጠጋ ብለው ያንብቡ፦ አራት የላቲን ፊደላት፣ ቀጥሎ ሰባት አሃዞች። የመጨረሻዋ አሃዝ በሳጥን ውስጥ ለብቻዋ ትጻፋለች፤ ከፊቷ ካሉት ፊደላትና አሃዞች ተሰልታ የምትገኝ መቆጣጠሪያ ናት። ጸሐፊው አንድ ቁጥር ቢሳሳት ሒሳቡ አልገጥም ይላል። ከሥር የባዶው ክብደት አለ፤ ለ20 ጫማው 2,200 ኪሎ ገደማ።

ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ የሚያጣራው ድፍድፍ የፓልም ዘይት በባሕር ላይ ሳለ እየሞቀ ነው የሚመጣው። ካልሞቀ ይረጋል፤ በቱቦም አይወርድም።

ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ መጋቢት 2013 ዓ.ም. ስዊዝ ቦይ ላይ ለስድስት ቀን ተሰንቅራ ስትወጣ ጄኔራል አቬሬጅ ታወጀ። የማዳኛው ወጪ ዕቃቸው ምንም ያልሆነባቸው ባለ ጭነቶች ላይም ይካፈላል ማለት ነው። መድን ያልገባ ሰው መያዣ እስኪያስይዝ ዕቃውን አያገኝም።

የባሕር በር የሌለው አገር መርከብ በራሱ ባንዲራ እንዲያስመዘግብ የተፈቀደው በ1921 እ.ኤ.አ. በወጣው የባርሴሎና መግለጫ ነው። በዚሁ መብት ከተመዘገቡት የኢትዮጵያ መርከቦች አንዷ፣ ቻይና ውስጥ ነዳጅ ጫኝ ሆና የተሠራችው፣ ስሟ ባሕር ዳር ነበር።