ቤት ያጡ አራዊትና መሐላቸው

ዱር ሲመነጠር የተቈረጠውን ግንድ የሚቈጥር ሰው አይጠፋም፤ ከዚያ ዱር ውስጥ ቤቱን ያጣውን ፍጥረት የሚቈጥር ግን እምብዛም አይገኝም። ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ባለፈው እሑድ በአክስቴ ቤት ከልጆች ጋር ተቀምጬ ያየሁት፣ በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተሠራ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ስሙም «የፋርዚንግ ዱር እንስሳት» ይባላል።

ታሪኩን በመጀመሪያ የደረሰው ኮሊን ዳን የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በኋላም የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ከሌሎች የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አባሎች ጋር ተባብሮ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሠዓልያን ሥለውት፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1995 ድረስ በ3 ክፍልና በ39 ትዕይንት ለተመልካች ቀረበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች መኖሪያ ቤት ለመሥራት ዱሩን በመኪና እየገነደሱ ሲገቡ አራዊቱ ሌሊት ተሰብስበው ይመክራሉ። ወደየት እንደሚሄዱ የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጓጉንቸር ነው። ጓጉንቸር ቀደም ሲል ሰው ይዞ ወስዶት ነበርና አምልጦ ወደ ኩሬው ሲመለስ «የነጭ አጋዘን ፓርክ» የሚባል፣ አራዊት የሚጠበቁበት የተከለለ ሥፍራ በመንገዱ ላይ አይቷል። ስለዚህ ቀበሮ አለቃ፣ ጓጉንቸር መንገድ መሪ፣ ጭልፊትም ከሰማይ ቃፊር ሆነው ጕዞው ይጀመራል።

ነገር ግን ከጕዞው በፊት አንድ ትልቅ ችግር ነበረ። ቀበሮ፣ ጉጉት፣ ጭልፊትና እፉኝት የሚኖሩት በሥጋ ነው፤ ሥጋውም ዛሬ አብሯቸው የሚጓዘው አይጥና ጥንቸል ነው። ስለዚህ ሁሉም እርስ በርስ ሊጠባበቁ፣ አንዱም ሌላውን ላይበላ ማሉ። እፉኝት እንኳ፣ ደስ ብሎት ባይሆንም፣ ማለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ይህ ተረት ደካሞች ሲተባበሩ ኃይለኛውን እንደሚያሸንፉ ይነግረናል። በዚህ ድራማ የምናየው ግን ከዚያ የከበደ ነገር ነው፤ ኃይለኛው ራሱ ጥርሱን በቃሉ አሰረ። ርምጃውም በፈጣኑ ሳይሆን በዘገምተኛው ልክ ሆነ። አጭር እግር ያለው ፍልፈል፣ ባጀር በተባለው ትልቅ ጕድጓድ ቆፋሪ አውሬ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ይጓዛል።

መሐላው ግን ሞትን አያስቀርም። እሳት፣ ወንዝ፣ የአዳኝ ጥይትና የአዳኝ ውሻ ይጠብቃቸዋል። ከሁሉም ይልቅ የማይረሳው የአውራ ጎዳናው ትዕይንት ነው። ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሽማግሌ ጃርቶች መንገዱን ሲሻገሩ መኪናዎቹ ሲመጡባቸው ፈርተው እንደ ኳስ ተጠቀለሉ። የጭነት መኪናም ሁለቱንም ደፈጠጣቸው።

በዚህ ጊዜ አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ኧረ ይህን ነገር አጥፋው ልጄ! ለሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ይታያል?» አሉኝ። እጄን ወደ መዝጊያው ስሰድ ስምንት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ «አይጥፋ! የቀሩት ተሻግረው እንደ ሆነ ልይ» አለች።

የአክስቴ ሐሳብ ተራ ሐሳብ አይደለም፤ ሕፃንን ከማስለቀስ ማሣቁ ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ከልጅቱ ጋር ሆንሁ። ሌላው የልጆች ሥዕል ፊልም ከገደል የወደቀው ወዲያው ተነሥቶ ሲሮጥ ያሳያል። ይህኛው ግን አልዋሸም። ጃርት ጠላት ሲመጣበት መጠቅለሉ ከጥንት ጀምሮ ከቀበሮ ያዳነው ጥበብ ነው፤ መንኰራኵር ግን እሾኽን አያውቅም። ይህም የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በአውሮፓ መንገዶች ላይ ዘወትር የሚደርስ ነገር ነው። በተለይ የሚያሳዝነው በዚያ ትዕይንት ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው። ሾፌሩ ጭነቱን ለማድረስ ይነዳል፤ ዱሩን የመነጠረውም ለሰው ቤት ሊሠራ ነው። ጥፋቱ የመጣው ከጭካኔ ሳይሆን ካለማየት ነው።

ካዩ በኋላ ግን መላ የፈለጉ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ አገር ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ጓጉንቸሮች ወደሚራቡበት ኩሬ ስለሚመለሱ፣ በጎ ፈቃደኞች በምሽት በባልዲ እየሰበሰቡ መንገድ ያሻግሯቸዋል። በሆላንድም፣ ሂልቨርሱም በተባለው ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተሠርቶ ያለቀ 800 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአራዊት ድልድይ አለ። ባቡርና መኪና ከሥሩ ያልፋል፤ ከላዩ ሣርና ዛፍ በቅሎበት አራዊት ይሻገሩበታል።

ብዙ ተረት ተጓዦቹ ካሰቡት ሲደርሱ ያበቃል። ይህ ድራማ ግን ሁለተኛውን ክፍል የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፓርኩ ባዶ አልነበረም። ነባሮቹ ቀበሮዎች፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ባለው አለቃቸው እየተመሩ፣ መጤዎቹን አንወድም አሉ፤ ብርቱ ክረምትና ተደብቀው የሚያድኑ ሰዎችም ተጨመሩ። አዲስ ቤት ማግኘት ማለት ከባለቤቶቹ ጋር መኖርን መማር ማለት መሆኑን ለልጆች በዚህ ዓይነት የገለጠ ሥራ ብዙ አላየሁም። ባለጠባሳውን አለቃ በመጨረሻ ነድፎ የገደለው ማን ይመስልሃል፣ ውድ አንባቢ? ያ እያቅማማ የማለው እፉኝት ነው።

አንድ ነቀፌታ ቢኖረኝ ይህ ነው፤ በእውነተኛው ዓለም ቀበሮ ለአይጥ አይምልም። እፉኝትም ቃል ገብቶ ጾም አያድርም። ነገር ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ነቀፌታዬ ወደ ራሴ ተመለሰ። ከኃይለኞቹ ፍጥረታት ሁሉ ምሎ ጥርሱን ሊያስር የሚችል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሰው ነው። ደራሲው በአውሬ አፍ ያስቀመጠው መሐላ እኛ ልንምለው የሚገባን መሐላ ነው። ቤት አንሥራ፣ መንገድ አንዘርጋ አይባልም፤ መንገዱን ስንቀይስ ግን በላዩ የሚሻገር ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ልጅቱ፣ «እማማ፣ ጓጉንቸሩ መንገዱን ባያውቅ ኖሮ የት ይሄዱ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

አክስቴ እንጀራውን እየቈረሱ፣ «አንዱ ያስጠጋቸው ነበር እንጂ፣ ልጄ» አሏት።

«ማን?» አለች።

አክስቴ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም እንዳቀረቀርሁ ቀረሁ።