«መብራቱ ከፈዘዘ ካፓሲተር አስገባበት»፦ ስለ መኪና ሙዚቃ የሚባለውና እውነቱ

በጥር የሠርግ ሰሞን፣ በላይ ጋይንት በኩል በሚያልፈው «የቻይና መንገድ» ላይ፣ መኪናው ከመታየቱ በፊት ቤዙ ይሰማል። ምሽት ከሆነ ደግሞ ሌላም ነገር ይታያል፤ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ፈዘዝ፣ ቦግ ይላል። ሹፌሩ ሰው ሲያማክር የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ካፓሲተር አስገባበት»። ምክሩ አልፎ አልፎ ትክክል ነው። አብሮት የሚመጣው ወሬ ግን አንዳንዱ ገንዘብ ያስወጣል፣ አንዳንዱም ዕቃ ያፈነዳል።

«ካፓሲተር ለባትሪው ጉልበት ይጨምራል»

አይጨምርም። አንድ ፋራድ የሚይዝ ካፓሲተር በ14 ቮልት ሲሞላ ውስጡ ያለው ጉልበት 98 ጁል ነው። ከዚህ ውስጥ አምፕሊፋየሩ የሚጠቀምበት ቮልቱ ከ14 ወደ 11 እስኪወርድ ያለውን፣ ማለትም 37 ጁል ተኩል ያህሉን ብቻ ነው። 1000 ዋት የሚስብ አምፕሊፋየር ይህን የሚጨርሰው የሰከንድ ሃያ አምስተኛ ክፍል ባልሞላ ጊዜ ነው። ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግን ወደ 2.6 ሚሊዮን ጁል ይይዛል። ባትሪው ጋን ቢሆን ካፓሲተሩ ዋንጫ ነው፤ ቶሎ ይቀዳል፣ ቶሎም ያልቃል፣ ተመልሶ የሚሞላውም ከዚያው ከጋኑ ነው።

ስለዚህ ካፓሲተር የሚረዳው ለቅጽበታዊ ምት ብቻ ነው፦ ከበሮው «ድም» ሲል ቮልቱ ለአፍታ እንዳይዋልል። ረዘም ባለ ቤዝ መብራቱ የሚፈዝ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ፍለጋው አንድ ቴስተርና አንድ የሚያግዝ ሰው ብቻ ይፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መነበብ አለበት። ከዚያ ሙዚቃው ጮክ ብሎ እየተጫወተ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ ላይ ይለካል። ባትሪው ጋ ጸንቶ አምፕሊፋየሩ ጋ የሚወርድ ከሆነ ገመዱ ቀጥኗል፣ ወይም ግራውንዱ በቀለም ወይም በዝገት ላይ ታስሯል። ባትሪው ራሱ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ዲናሞው አልቻለም ወይም ባትሪው ደክሟል። በእኔ ግምት ካፓሲተር ከሚገዙት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ወፈር ያለ ገመድና የተፋቀ ግራውንድ ነው፤ ዋጋውም ከካፓሲተሩ ይረክሳል።

ሞተር አጥፍቶ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ደግሞ ካፓሲተር ምንም አይፈይድለትም። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በሌሊቱ ብርድ ባትሪው ራሱ ስለሚዳከም፣ ማታ በሙዚቃ የተጠጣው ጠዋት ሞተሪኖው ላይ ይታያል።

«ሲገጠም እሳት መርጨቱ ጤነኛ መሆኑን ያሳያል»

እሳቱ የሚያሳየው ባዶ መሆኑን ነው። ባዶ ካፓሲተር ከባትሪ ጋር ሲነካካ ለመጀመሪያዋ ቅጽበት ሁለቱን ጫፍ በሽቦ እንደማገናኘት ነው፤ ከገመዱ በቀር የሚያግደው የለምና በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይሮጣል። ጫፉ ይቀልጣል፣ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ካፓሲተሩም ይጎዳል።

መፍትሔው በየጋራዡ የማይጠፋ ነገር ነው፦ ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል። በቅድሚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ካፓሲተሩ በቦታው ጠብቆ ይታሰራል፤ ኔጋቲቩ ከተፋቀ የመኪናው ብረት ጋር ይያያዛል። ከባትሪው የሚመጣው የፖዘቲቭ ገመድ ፊውዙ ወጥቶ ይቆያል፣ አምፕሊፋየሩም ይጠፋል። የባትሪው ኔጋቲቭ ከተመለሰ በኋላ አምፖሉ በፊውዙ ቦታ ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ ይገባል። መጀመሪያ ቦግ ይላል፣ ከዚያ እየደበዘዘ ይጠፋል። ሲጠፋ በካፓሲተሩ ጫፎች ላይ ይለካል፤ ንባቡ ከባትሪው ጋር ከተቀራረበ አምፖሉ ወጥቶ ፊውዙ ይገባል። አምፖሉ አልጠፋም ካለ አምፕሊፋየሩ አልጠፋም፣ ካልሆነም የሆነ ቦታ ተነካክቷል ወይም ካፓሲተሩ ተገልብጧል፤ በዚያ ሁኔታ ፊውዝ ማስገባት አይገባም። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የተቀያየረበት ካፓሲተር ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

«አይሱዙም ያው መኪና ነው»

በዚህ አካባቢ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ፣ ከጋይንትም ወደ ስማዳ ዕቃና ሰው የሚያመላልሱት አይሱዙና ቅጥቅጥ አብዛኛዎቹ ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረላቸው፣ ባለ 24 ቮልት ናቸው። ሞተሩ ሲሠራ ወደ 28 ቮልት ይደርሳል። ለመኪና ሙዚቃ የሚሸጠው ካፓሲተር ላይ ግን የተጻፈው ብዙ ጊዜ 16 ወይም 20 ቮልት ነው፤ 24 የሚለው ቁጥር ካለም ለአፍታ የሚቻለውን የሚያመለክት ነው። አባዱላ ላይ በሰላም የሠራ ካፓሲተር አይሱዙ ላይ በቀጥታ ቢገጠም ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይበሳል፣ ፈሳሹ ይፈላል፣ ጣሳውም ይከፈታል።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ። ሙዚቃው ይሠራል፣ እውነት ነው። ዲናሞው ግን የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ስለሆነ፣ የተቀዳበት ባትሪ ሳይጠግብ ይኖራል፣ ሌላው ከመጠን በላይ እየሞላ ይፈላል። ከዚያ «የዘንድሮ ባትሪ አይረባም» ይባላል። ትክክለኛው ከ24 ወደ 12 ዝቅ የሚያደርግ ኮንቨርተር ነው፤ እሱም አምፔሩ የበቃ። ለቴፕ ብቻ የሚሆነው ባለ 10 አምፔር ኮንቨርተር 1000 ዋት አምፕሊፋየር አይሸከምም፤ ለዚያ ከ80 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። ካፓሲተር ከተጨመረም በ12 ቮልቱ በኩል፣ እዚያም በአምፖል ተሞልቶ ነው። ያለዚያ ኮንቨርተሩ ሽቦ የተነካካ መስሎት ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

«ካፓሲተር ካለ ፊውዝ አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ መግባት አለበት። ካፓሲተሩ ደግሞ የሚቀመጠው ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ፣ ከሞተር ሙቀት ርቆ ነው። እንዲህ ያለ ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ መኪና ይህን ቢያስብበት ደግ ነው። ጠጠር መንገድ ብሎን ስለሚያላላ ማሰሪያውን በየጊዜው ማጥበቅም ያስፈልጋል።

«10 ፋራድ ተጽፎበታል»

መጻፍ ቀላል ነው። በሬዲዮ ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች አብዛኛዎቹ የሚለኩት በፋራድ ሚሊዮንኛ ነውና አንድ ሙሉ ፋራድ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ባለ 30 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተርና ሰዓት። ባዶው ካፓሲተር በሬዚስተሩ በኩል ከ12.6 ቮልት ባትሪ ሲሞላ፣ አንድ ፋራድ ከሆነ 8 ቮልት ገደማ የሚደርሰው በ30 ሰከንድ ነው። 10 ፋራድ ከሆነ 5 ደቂቃ ይፈጃል። «10 ፋራድ» የተባለው በ10 ሰከንድ 8 ቮልት ከደረሰ የአንድ ፋራድ ሲሶ ነው። ለዚህ ልኬት አምፖል አይሆንም፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይለዋወጣል።

«12 ቮልት ስለሆነ አይጎዳም»

በደረቅ እጅ ቢነካ አይነዝርም። ጉዳቱ ቃጠሎ ነው፤ የሞላ ካፓሲተር ጫፎች ላይ ያረፈ ቀለበት ወይም የሰዓት ማሰሪያ በቅጽበት ይግላል፣ ከሥራው በፊት ማውለቅ ነው። ሲነቀልም ጫፎቹን በካቻቪቴ አገናኝቶ «ማስተፋት» የተለመደ ቢሆንም ብረት ያቀልጣል፣ ፍንጣሪውም ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፊውዙ ወጥቶ፣ ያው የፍሬቻ አምፖል በሁለቱ ጫፎች መካከል ይያዛል፤ አምፖሉ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ደቂቃ እዚያው ይቆያል፤ ባዶ የሆነ ካፓሲተር ብቻውን ሲተው ጥቂት ቮልት መልሶ ያወጣልና። ቴስተሩ ዜሮ ገደማ ካነበበ በኋላ ገመዶቹ ይፈታሉ።