ተፈላጊ ችሎታ

የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሞላሌ፣ እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሙጫው ሳይደርቅ ወጣት ይከበዋል። ሠንጠረዡን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፦ ተራ ቁጥር፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ተፈላጊ የትምህርት ደረጃ፣ ተፈላጊ የሥራ ልምድ። ለጥበቃ የክፍል ካርድ ይጠየቃል። ለገንዘብ ያዥ የሲኦሲ ማረጋገጫ፣ ለባለሙያ ዲግሪ። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው መጨረሻው ዓምድ ላይ ነው፤ «0 ዓመት» የሚል ከተገኘ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የዚያን ቀን ሥራ ይበዛበታል።

በዚህ ሠንጠረዥ ላይ የማይወጣ አንድ መደብ አለ፤ የአስተዳዳሪው። በሕጉም ቢፈለግ አይገኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንደሚመረጥ ይደነግጋል እንጂ ስንተኛ ክፍል መድረስ እንዳለበት አይናገርም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162ም ስለ እጩው ዕድሜ፣ ዜግነት፣ ቋንቋና ነዋሪነት ይጠይቃል፤ ዲፕሎማ አያነሣም። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ካርዱን አስመርምሮ ተቀጥሯል። ጥበቃው ብድግ ብሎ የሚያሳልፈው ሹም ግን በሕግ የሚጠየቀው ካርድ የለም።

«የተማረ ይግደለኝ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ነውር ይመስላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውም አለ። ስለዚህ በየቡና ቤቱም በየምክር ቤቱም «ቢያንስ ዲግሪ የሌለው አይሾም» የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል፤ ሁልጊዜም ጭብጨባ አያጣም። እኔ ግን ሕጉ ልክ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ጎዶሎው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ማስረጃ መጠየቅ ራሱ ከፈረንጅ ትምህርት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ድጓ ዘልቄያለሁ የሚል ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚል ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የሚል ሰለልኩላ። ይህን ሳያደርግ ጉባኤ ቢዘረጋ ተማሪው ራሱ ይታዘበዋል። የምስክሩ ወሰን ግን የታወቀ ነው። የድጓ ምስክር ለድጓ ነው፤ በእሱ አገር ላስተዳድር ያለ መሪጌታ አልሰማንም።

ዲግሪ ለመሪ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ቀድመው የሚጠሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ነው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በንጉሡ ሕመም፣ በልጅ ኢያሱ መውረድ፣ በ1909 በሰገሌ ጦርነት፣ ከዚያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እስከ ሞቱበት 1919 ዓ.ም. ድረስ ያለ እሳቸው ምክር ትልቅ ጉዳይ አላለፈም። አባ መላ የተባሉት በከንቱ አይደለም፤ ፍርዳቸው ዛሬም ይተረካል። ስማቸውን የሚጠሩት ሰዎች የሚዘሉት ነገር ግን አለ። በዚያ ዘመን ፊደል ያልቆጠረ ሹም በየአምባው ሞልቶ ነበር፤ አባ መላ ግን አንድ ናቸው። እሳቸውን ያወጣቸው አለመማራቸው ሳይሆን፣ ከታች ጀምሮ በየደረጃው ሥራቸውን እያየ ከፍ የሚያደርግ ወይም የሚጥል ጌታ ከበላያቸው መኖሩ ነው።

የተማረ ያድነናል የሚለው ወገን ደግሞ ከታኅሣሥ 1953 ቢጀምር ይሻለዋል። ግርማሜ ንዋይ ከአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሳቸውን ይዘው የተመለሱ ነበሩ። ወላይታ ላይ ገዥ ሆነው ለመሬት አልባው መሬት ማደል ሲጀምሩ ባለርስቱ ጮኸ፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። ቀጥሎ ከወንድማቸው ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከወደቁት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ ጣሊያንን አምስት ዓመት በሰሜን ሸዋ ተራሮች ላይ ሲታገሉ የኖሩት፣ በኋላም የሚኒስትሮችን ምክር ቤት የመሩት አርበኛ። በዓመቱ ያው ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ ተመራቂው ጋዋን ለብሶ ከነቤተሰቡ ፎቶ የሚነሣበት የስድስት ኪሎ ግቢ ይህ ነው።

የራስ አበበ ቦታ ፈረንሳይ ሕግ ላጠኑት ለአክሊሉ ሀብተ ወልድ አለፈ፤ ከእሳቸው በኋላ ኦክስፎርድ የተማሩት እንዳልካቸው መኮንን መጡ። አገሪቱ ከዚህ የበለጠ የተማረ ጠቅላይ ሚኒስትር ከየት ታመጣ ነበር? ወሎ በ1965 እና በ1966 ሲራብ ግን ያ የተማረ ካቢኔ ረኃቡን ሸሸገው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሁለቱንም ያስረሸናቸው ደርግ ከሻለቃ በማይበልጡ መኮንኖች፣ በባለ ሌላ ማዕረጎችና በተራ ወታደሮች የተሞላ ነበር፤ መሪው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ምሩቅ ናቸው። አልተማረም እየተባለ የሚታማው ይህ መንግሥት በ1971 መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀምሮ የአገሩን ገበሬ ፊደል አስቆጠረ፤ ከዩኔስኮም ሽልማት ተቀበለ። ይሁንና መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር ሰሜኑ እንደገና እየረገፈ ነበር። እሱም ሸሸገ።

ሁለቱን ረኃቦች አጠገብ ለአጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው የዲግሪው ክርክር ከእጁ ይወድቃል። አንዱን የሸሸገው ፓሪስና ኦክስፎርድ የተማረ ነው፣ ሌላውን ሆለታ የሠለጠነ። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፤ «ወሎ ምን ሆነ?» ብሎ ጠይቆ መልሱ ካላረካው ከወንበር የሚያነሣቸው አካል አልነበረም።

ኢሕአዴግ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው ጫካ የገቡ ናቸው፤ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ኤምቢኤ፣ ከሮተርዳሙ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኢኮኖሚክስ ማስተርስ አገኙ። ሌሎች ታጋዮችም በርቀት ተማሩ፤ ለክልል ሹማምንት ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ። መማራቸው ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። ግን ልብ በሉ፣ ሥልጣኑ ቀድሞ ዲግሪው ተከተለ። ታችኞቹ ሹሞችም ትምህርቱን ከላይ አይተው ቀሰሙ፤ በክረምት፣ በማታ፣ በርቀት፣ ከሥራው ጋር ይገናኝም አይገናኝም፣ ወረቀቱ ይገኝ ብቻ። ፎርጅድ የሚባለው ገበያ የደራው በዚህ መሐል ነው። አንድ ሰው «ዶክተር ኢንጂነር» ነኝ ብሎ በየዩኒቨርሲቲው እየተጋበዘ ንግግር ሲያደርግ ከርሞ፣ ማዕረጉ ከአየር ላይ የተዘገነ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ያጨበጨቡለት ደግሞ ባለ እውነተኛ ዲግሪዎች ነበሩ።

ዲግሪን በሕግ የጠየቁ አገሮች ምን ገጠማቸው? ፓኪስታን በጄኔራል ሙሻራፍ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ለፓርላማ እጩ የመጀመሪያ ዲግሪ ግዴታ አደረገች። ከሕዝቡ አብዛኛው ከእጩነት ውጭ ሆነ፤ የገቡትም ብዙዎቹ የሐሰት ዲግሪ ይዘው መግባታቸው ኋላ ላይ ተጋለጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ግዴታውን ሻረው። ጎረቤታችን ኬንያ ለፕሬዚዳንትና ለካውንቲ ገዥ ዲግሪ ትጠይቃለች። በ2022ቱ ምርጫ የናይሮቢ ገዥነት እጩ ዲግሪ እውነት ነው ሐሰት ነው ሲባል ከርሞ፣ ሰውየው ተመርጦ ቢሮውን ተረከበ። በአንጻሩ የብራዚሉ ሉላ ትምህርቱን ከአንደኛ ደረጃ ሳይሻገር አቋርጦ ፋብሪካ የገባ ብረት ሠራተኛ ነው፤ በ2002 ተመርጦ የአሸናፊነት ወረቀቱን ሲቀበል በሕይወቴ ያገኘሁት የመጀመሪያ ዲፕሎማ ይህ ነው አለ። ብዙ አዳዲስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተከፈቱት በእሱ ዘመን መሆኑን ሳይጨምሩ ይህን ወሬ ማውራት ተገቢ አይደለም።

ትምህርት ለኑሮ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ከሥልጣኑ ጋር ባይቀላቀል እመርጣለሁ። መንዝ ውስጥ «ሳይማሩ ያለፈላቸው» እየተባሉ በጣት የሚቆጠሩ ነጋዴዎች አሉ፤ አይሱዙ ያላቸው፣ በግና እህል የሚጭኑ። ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳውን ልጅ እያሳዩ «ምን አተረፈ?» ይላሉ። የእነዚሁ ሰዎች ልጅ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶለት ይማራል። ሰው በአፉ ከሚናገረው ይልቅ የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ነገር እምነቱን ይናገራል። ርስት ተሸንሽኖ ተሸንሽኖ ባለቀበት፣ ገብስ በውርጭ በሚመታበት ደጋ፣ ከአምስት ወንድማማች አራቱ ሌላ በር መፈለጋቸው አይቀርም፤ ትምህርት ቤት ከእነዚያ በሮች ሁሉ የተሻለው ነበር።

«ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በልጠዋል። በዚያው ዓመት በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና፣ ኤግዚት ኤግዛም በምንለው፣ ከ150 ሺህ ከሚበልጡ ተፈታኞች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ከግል ኮሌጆች ግን 17 በመቶ ያህሉ ናቸው። እንግዲህ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በጭብጨባ ተመርቀው ዛሬ የባለሙያ ወንበር ላይ ያሉት ቢፈተኑ ስንቱ ያልፍ ነበር? የሚመልስልን የለም፤ አልተፈተኑማ። በላዩ ላይ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንት ልጅ ከክፍል ቀረ። ያለ ጥፋታቸው ከደብተር የተለዩትን እነዚህን ልጆች ነገ «ዲግሪ የሌለው አይመረጥም» በሚል ሕግ መቀበል ግፍ ነው።

ለሹመት እንግዲህ ምን እንጠይቅ? መንዝ ራሷ ሁለት ነገር ታሳያለች።

አንዱ ጓሳ ነው። ለክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ያ ደጋ ለዘመናት የተጠበቀው የመጠቀም መብት ያላቸው ሰዎች በሚመርጡት አለቃ ነበር። አለቃው መሬቱን ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍታል፣ ደንብ የጣሰውን ያስቀጣል። ማንም ካርድ አልጠየቀውም። በስሕተት ቢያስከፍት ግን የራሱም የመራጮቹም ቤት ክዳን ያጣል፤ ጥፋቱ በክረምት ጠብታ ይታወቅበታል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስና ጓሳው ሩቅ ላለ አለቃ መልስ በሚሰጡ ሰዎች እጅ ሲገባ፣ ሣሩ መመናመን ጀመረ።

ሌላው የበጉ ነው፣ እዚሁ ሞላሌ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ከገበሬው ጋር ሆነው የመንዝ በግ ዝርያን ያሻሽላሉ። ግልገሉ ጆሮው ላይ ቁጥር ይንጠለጠልለታል፤ መዝጋቢው ሚዛን ተሸክሞ በየቤቱ እየዞረ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥል፣ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዝነዋል። ተመራማሪው መዝገቡን አስልቶ ከየበረቱ የተሻሉትን አውራዎች ይለያል። ምርጫው እዚህ አያልቅም። የገበሬ ኮሚቴ ተሰብስቦ ላቱን ይዳስሳል፣ ቁመቱን ያያል፣ በቀለሙ ይከራከራል፤ መዝገብ ያሞገሰውን ላቱ ቀጭን ነው ብሎ ይጥላል። ያለፈው አውራ ለመንደሩ በጋራ ይቆማል። የወደቀው ይኮላሻል ወይም ገበያ ይወጣል፤ ይህን የመጨረሻውን ክፍል ለሹም አልመክርም።

ገበሬው መዝገቡን አልናቀም፣ አላመለከውምም። ቢሳሳት የሚጎዳው የራሱ መንጋ ስለሆነ ራሱ ዳሰሰ። ሹመት ላይ የጎደለን ይህ ዳሰሳ ነው። በወረቀት ደረጃ መብቱ አለ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆነው። ወረዳ ላይ በተግባር የምናውቀው ግን ምደባ ነው። ሰው ከሌላ ወረዳ ወይም ከዞን ተመድቦ ይመጣል፣ የሕይወት ታሪኩ በንባብ ይሰማል፣ የትኞቹን ዲግሪዎች እንደያዘ ይነገራል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል። «ሹመት ያዳብር።»

በምክር ቤት አጀንዳ ላይ «ልዩ ልዩ ሹመቶችን ማጽደቅ» ዘወትር መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አባላቱ ደክመው፣ ቤቱ ሩቅ የሆነው መመለሻውን ማሰብ ሲጀምር። ወደ መጀመሪያው ተራ ቁጥር ይዛወርና አንድ ሰዓት ይሰጠው። አዲሱ ሰው የቀድሞ ወረዳው መንገድ ምን ደረጃ ላይ ሳለ እንደተረከበና ምን አድርሶ እንዳስረከበ፣ ማዳበሪያው ስንት ቀን እንደዘገየና ለምን እንደዘገየ፣ ከኦዲት ግኝቱ ምን ያህሉን እንዳስመለሰ ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ ዲግሪ ካለው ደግ፣ ባይኖረውም ለማታው ትምህርት ክፍያ ከፍሎ መማር ይችላል። እጅ የሚያወጡት ሰዎች ግን ሳይጠይቁ ላወጡት እጅ በየቀበሌያቸው ስማቸው እየተጠራ መልስ ይስጡ።